ጋሽ ሙሄና መምሪያዎቻቸው

በየሰፈሩ አንድ አይጠፋም፤ ሥራውን ከመጀመሩ በፊት ለሥራው ሌላ ሥራ የሚሠራ ሰው። ገላውን ሊታጠብ ሮቢ ወንዝ ይወርድና የሚቀመጥበትን ድንጋይ ሲያደላድል ፀሐይ ትጠልቅበታለች። ሸዋ ሮቢት ላይ የዚህ ወገን አለቃ፣ የአናጢዎች ሁሉ ታጋሽ፣ የደንበኞች ሁሉ ፈተና፣ ጋሽ ሙሄ ናቸው።

ጌጤ ይህን እያወቀች ነው ቀፎ ያዘዘቻቸው። ሴቶች ይደራጁ በተባለበት ዓመት ነበር። የአገሩ ቀፎ ዛፍ ላይ ይሰቀላል፤ ዛፍ መውጣት ደግሞ የወንድ ነው ተብሎ ቀርቷል። የግብርና ሠራተኛዋ ያሳየቻቸው የሣጥን ቀፎ ግን መሬት ላይ በእግሩ ይቆማል፤ ልጅ ያዘለች ሴት ጎንበስ ብላ ትከፍተዋለች። ባለፈው መስከረም አንድ መንጋ ንብ ጓሮዋ ያለው ማንጎ ላይ ሰፍሮ፣ የሚገባበት አጥቶ፣ ዓይኗ እያየ ወደ ጣርማ በር ተነሥቶ ሄዶባታል። ለመጪው መስከረም እንዳያመልጣት ገና በግንቦት አዘዘች።

"ሚስማር አልመታበትም" አሏት ጋሽ ሙሄ። "የቆላ ሙቀት ያላቅቀዋል።" የሁለት እጃቸውን ጣቶች አጠላልፈው አሳዩዋት። "ጣውላው እንዲህ ነው የሚያያዘው።"

"መቼ ልምጣ ታዲያ?"

"መጀመሪያ መምሪያው ይሠራ እንጂ! መጋዝ ዕውር ነው የኔ ልጅ፣ መሪ ይፈልጋል።"

መምሪያው ጣውላውን ደግፎ መጋዙን በቀጭን ስንጥቅ የሚያሳልፍ እንጨት ነው። ፊቱ ላይ አንዲት ካስማ አለችው፤ እንደ ጣት የሚጠላለፈውን የጣውላ ጥርስ ቆርጠው እሷ ላይ ሲያሳርፉት የሚቀጥለው ጥርስ ቦታ ይታወቃል። ካስማዋ በፀጉር ያህል ከሳተች፣ እያንዳንዱ ጥርስ ያችን ፀጉር እየደመረ ሄዶ የሣጥኑ አንድ ጎን ከሌላው ከፍ ብሎ ቁጭ ይላል። ስለዚህ ጋሽ ሙሄ መምሪያ ይሠራሉ፤ በመምሪያው ሣጥን ገጥመው ይሞክራሉ፤ ወደ ብርሃን ያነሡና አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው ያዩታል፤ "ሳተ!" ይላሉ፤ ይጥሉታል። ክረምት ገባ፤ እንጨቱ እርጥበት ጠጥቶ አበጠ፤ እንደገና ሌላ መምሪያ። የተጣሉት ሣጥኖች ደጁን ሞሉት። በይፋት ቆላ፣ ያለ አንድ ሚስማር በተገጣጠመ ዋንዛ ውስጥ የሚያድሩ ዶሮዎች የሳቸው ብቻ ናቸው።

"ምን ይገርምሻል?" አለቻት ጌጤን፣ ሚስታቸው አሪፋ። "እኔን ሊያገባ ሽማግሌ ሲልክ እንኳ መጀመሪያ አክስቱ ቤት ልኮ ሞክሯቸዋል።"

"ታዲያ እምቢ ተባልኩ?" አሉ ጋሽ ሙሄ፣ ከመላጊያቸው ቀና ሳይሉ።

መስከረም ጠባ፤ መንጋው መጣ። እዚያው ማንጎ ላይ ቅርንጫፉን አጎንብሶ ተንጠለጠለ። ጌጤ ልጇን እንዳዘለች ሮጠች።

"ጋሽ ሙሄ፣ ንቡ ሰፈረ! ቀፎዬን!"

"ካስማዋን ብቻ ልቀይርና…"

"ንብ ካስማ አይጠብቅልኝም! ዛሬ ካልገባ ሄደ እኮ!"

አሪፋ ከደጅ አንዱን ሣጥን ብድግ አድርጋ አስታቀፈቻት። "ትናንት የጣለው ነው፤ ገና ዶሮ አልገባበትም። ሩጪ!"

"አይሆንም! አንዱ ጎኑ ከፍ ብሏል! ስሜን ልታጠፉት ነው!" የጋሽ ሙሄ ድምፅ እስከ አስፋልቱ ተከተላት።

ሣጥኑን ሰም ቀባችው፣ ጣውላ ከደነችበት፣ ቅርንጫፉን መግቢያው ፊት አራገፈችው። ሲመሻሽ ንቦቹ ገብተው አለቁ።

ጠዋት ጋሽ ሙሄ የማዕዘን መለኪያ ስኳድራቸውን ይዘው ከተፍ አሉ። ጎንበስ ብለው ሲለኩ አንዷ ንብ የዓይናቸውን ቆብ ነደፈቻቸው። በቀረው ዓይናቸው ለክተው ጨረሱ።

"ያው እንዳልኩሽ ነው። አስወጫቸውና ትክክለኛውን እሠራልሻለሁ።"

"እርስዎ ይንገሯቸው ጋሽ ሙሄ፤ እኔን አይሰሙኝም።"

ንቦቹ ሣጥኑን ሞልተው ድርብ፣ ከላይ የሚደረብ ሁለተኛ ሣጥን፣ የሚያሻቸው ጊዜ ደረሰ። በመጨረሻ በተሳካው መምሪያ የተሠራ፣ እንከን የማይወጣለት ድርብ መጣላት። ጠማማው ሣጥን ላይ ሲቀመጥ ግን ተንገጫገጨ፤ በክፍተቱ ጉንዳን ተሰልፎ ይገባል። ጉንዳን ከገባ ደግሞ ንብ የለም።

"ትንሽ ቢላጉልኝስ?" አለች ጌጤ።

ጋሽ ሙሄ ክፍተቱን በጣታቸው ለኩት። ድርቡን ተሸክመው ተመለሱ። ጌጤ ሌላ መምሪያ ሊሠሩ እንደሆነ ታውቃለች፤ ጠዋት ጠዋት በቀፎው እግር ዙሪያ ለጉንዳን አመድ እየነሰነሰች መጠበቅ ያዘች።

አንድ ዓርብ፣ ከጁምዓ በኋላ፣ ከአሪፋ ጋር ሌላ ድርብ ይዘው መጡ። አስቀመጡት። ክር እንኳ አያስገባም።

"እንዴት አደረጉት?"

"መጋዙን አሳስቼ መራሁት። ያችኑ ፀጉር በልኳ የምትስት መምሪያ ሠራሁለት።" ስሕተት ያመኑ ሳይሆን መጋዙን ስሕተት ለማስተማር የተገደዱ ይመስል አንገታቸውን ደፉ።

"ብዙ ሞከሩ?"

"ዶሮ መግዛት ሊኖርብን ነው" አለች አሪፋ።

ያች መምሪያ ዛሬም ከቀጥተኞቹ መሐል ግድግዳው ላይ ተሰቅላለች። ሰው ሊነካት ሲል ጋሽ ሙሄ ይቆጣሉ። "ተዋት፣ የጌጤ ናት!"

በቀደም ጌጤ በሳምንት የሚያስረክቡትን አናጢዎች ሁሉ አልፋ እዚያው ደጅ ቆመች፤ የልጅ አልጋ ልታዝ። ነገሩን ለባሏ እንኳ ገና አልነገረችውም።

"ደስ ይላል! ኢንሻአላህ፣ መጀመሪያ መምሪያው…" ጋሽ ሙሄ ተነሥተው እንጨት መምረጥ ጀመሩ።

አሪፋ ገና ምንም የማይታይበትን የጌጤን ሆድ አየት አድርጋ ራሷን ነቀነቀች።

"ዘግይተሻል" አለቻት።