ከበር መቃን የወጣ ቤዝ ጊታር

ሰው ሲቀር ቦታው ያስታውቃል የሚሉኝ ሰዎች ነበሩ። እኔም አምኜ ኖርኩ። መቼም እንዲህ ያለውን ወሬ የሚያወራችሁ ገና ያልቀረ ሰው ነው። እስቲ አንድ ቀን ቅሩና እዩት። የማኅበሩ ጠላ ይጠጣል፣ የሠፈሩ ዕድር ይሰበሰባል፣ ታክሲውም እናንተን ሳይጭን ሞልቶ ይሄዳል። የታክሲውስ ይሁን፤ እኔን የከፋኝ የሰርጉ ነው። እኔ ከቀረሁ ወዲህ አዳማ ውስጥ ስንቱ ተዳረ፤ አንድም ሙሽራ "ቆይ፣ ቤዙ የታለ?" ብሎ ጭፈራውን አላቋረጠም።

ቤዝ ማለት፣ ለማታውቁት፣ ያ አራት ክር ያለው፣ አንገቱ የረዘመ፣ ድምፁ የወፈረ ጊታር ነው። በጆሯችሁ የምትሰሙት ዘፋኙን ነው፤ ሆዳችሁን የሚያንኳኳው ግን እሱ ነው። በአንድ የሰርግ ባንድ ውስጥ ለዓመታት ሆዳችሁን ሳንኳኳ የኖርኩት እኔ ነኝ። ከዚያ የባንዱ አለቃና ኪቦርድ ተጫዋች ሳምሶን ግራ እጁን አሠለጠነ። በቀኙ ዜማውን፣ በግራው የኔን ሥራ ያዘ። "ወንድሜ አትቀየመኝ" አለኝ፣ ሁለት ሦስቱን ወፍራም ቁልፎች እየነካካ፤ "እየው፣ አንተ እዚህ አለህ።" የምጫወትበት ጊታርም የባንዱ ስለነበር ባዶ እጄን ወጣሁ። ሰው በማሽን ተተካ ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል። እኔን የተካኝ ማሽን እንኳ አይደለም፤ ግማሽ ሰው ነው።

እናቴ መፍትሔ አላጣችልኝም፤ ባጃጅ ንዳ አለችኝ። እኔ ግን ሌላ ነገር አሰብኩ። በገዛ እጄ ቤዝ ልሥራ፤ የእንጨቱን ድምፅ አንዴ ከሰሙት ወደ ቦታዬ ይመልሱኛል። ለጥር ሰርግ እንዲደርስልኝ ክረምቱ ሳይወጣ ጀመርኩና ግቢያችንን በፍቅፋቂ ሞላሁት።

የመጀመሪያውን አንገት የቀረፅኩት ከአርሲ ከመጣ እንጨት ነው። ደጋ የበቀለ እርጥብ እንጨት አዳማ ሲወርድ ምን እንደሚሆን፣ የደጋ ዘመድ መጥቶባችሁ የሚያውቅ ከሆነ አይጠፋችሁም። ቤት ውስጥ ይሞቀዋል፣ ደጅ ነፋሱ አቧራ ያለብሰዋል፣ ሲንቆራጠጥ ይውላል። የኔም አንገት ተንቆራጥጦ ተንቆራጥጦ ቀስት ሆኖ ቁጭ አለ። እንደገና ተነሳሁና፣ ለመንገድ ማስፋፊያ ከፈረሰ ቤት አንድ የዋንዛ በር መቃን አመጣሁ። ያን ያህል ዓመት በፀሐይ የተጠበሰ እንጨት ከእንግዲህ የት ይጣመማል? ሁለት በርጩማ ላይ አጋድሜ ስልገው፣ ጎረቤታችን ኦቦ ቱፋ በአጥሩ በኩል ብቅ አሉ።

"አካም ጂርታ? ማን ሞተ?" አሉኝ ደንግጠው።

"ኧረ ማንም አልሞተም፣ ኦቦ ቱፋ። ጊታር ልሠራ ነው።"

እንጨቱን ከጫፍ እስከ ጫፍ አዩት። "የሬሳ ሳጥን ብታደርገው ይሻልህ ነበር" አሉ፤ "እሱ እንኳ ፈላጊ አያጣም።" የዚያን ቀን ስቄባቸው ነበር።

የኤሌክትሪክ ጊታር ደግሞ ያለ ማግኔት ዲዳ ነው። ማግኔቱን ከተበላሸ ስፒከር ፈልቅቄ አወጣሁ፤ ላዩ ላይ የሚጠመጠመውን ፀጉር የሚያክል የመዳብ ሽቦ የተቃጠለ ሞተር ከሚጠግኑ ሰዎች ለመንኩ። ጥምጠማው በእጅ የሚገፋ አልሆነም። ይሄኔ እናቴ ስፌት መኪናዋ ላይ ተቀመጠችና፣ ማግኔቱን ክር የምትጠመጥምበት ቦታ ላይ አስገብታ ፔዳሉን ትረግጥልኝ ጀመር። ሽቦው ሲበጠስባት እየተሳደበች እንደገና ትጀምራለች። "ይሄ ሁሉ ክር ቢሆን ስንት ቀሚስ ይወጣው ነበር" ትላለች፤ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ባጃጅ የሚባል ነገር ከአፏ አልወጣም። የመጨረሻውን ጠምጥማ ስታቀብለኝ "አሁን እስቲ የት አባታቸው ሄደው ነው የማይመልሱህ!" አለች። ከኔ ይልቅ እሷ ተስፋ ማድረጓ ነው ያስፈራኝ።

ክሮቹን ወጥሬ ከድምፅ ማጉያ ጋር ያገናኘሁት ቀን የጣሪያው ቆርቆሮ ተንቀጠቀጠ። ደስ አለኝ። ይኸው ነው፤ ከዚያ በላይ የምለው የለኝም።

ጥር እንደገባ ተሸክሜው ሳምሶን ጋ ሄድኩ። አገላበጠው፣ ራቅ አድርጎ አየው፣ በስልኩ ፎቶ አነሳው። "አቦ፣ እንዴት ያምራል!" አለ፤ "ቅዳሜ ሞጆ ሰርግ አለን፣ ነጭ ሸሚዝ ልበስና ና።" ልብ በሉ፤ እስቲ ተጫወተው ልስማው አላለኝም። እኔ ግን ልብ አላልኩም፤ ስለ ሸሚዙ እያሰብኩ ነበር።

ሞጆ፣ ድንኳኑ ውስጥ ገመዴን ይዤ የምሰካበት ስፈልግ ሳምሶን ክንዴን ያዘኝ።

"ገመዱን ተወው" አለኝ።

"ታዲያ በምን ሊሰማ ነው?"

"ቤዙማ እዚህ አለ" ብሎ ግራ እጁን አነሳልኝ። "ለሰዎቹ ሙሉ ባንድ ነው ያልናቸው። ከዘፋኙ ኋላ እኔ ብቻዬን ስቆም ቪዲዮው ላይ ይደብራል። አንተ ያዘውና ወዝወዝ በል።"

በክፋት አልነበረም ያለኝ። ክፋት ቢሆን ደግ ነበር፤ ተጣልቼ ወደ ቤቴ እሄድ ነበር። እሱ ግን ውለታ የዋለልኝ መስሎት ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ።

ያዝኩት። ወዝወዝ አልኩ። የሚገርማችሁ፣ ጣቶቼ አንድም ቦታ አልሳቱም፤ ማንም በማይሰማው ጊታር ሰርጉን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በትክክል ተጫወትኩት። ካሜራማኑ ጎንበስ ብሎ ጣቶቼን ከቅርብ ቀረፀ። የሙሽራው አጎት እየጨፈሩ መጥተው ግንባሬ ላይ ብር ለጠፉልኝ። አልቦኝ ስለነበር ጥሩ አድርጎ ያዘ።

ቪዲዮው በቴሌግራም ሲመጣ እናቴ መነጽሯን አድርጋ ስልኬን ተቀበለችኝ። እኔን ስታይ እልል ልትል ቃጣት። ከዚያ ስልኩን ከዓይኗ አንስታ ጆሮዋ ላይ ለጠፈችው።

"ይሄ ነው አይደል? ይሄ ዱም ዱም የሚለው?"

ዘፋኙን ትታዋለች፣ ከበሮውን ትታዋለች፤ ያን ወፍራም ድምፅ ብቻ ተከትላ በጣቷ ጉልበቷን ትመታለች። ይህን ያህል ዘመን ሰርግ ቤት ስውል ሳድር ቤዝን እንዲህ ለይቶ የሰማ ሰው አይቼ አላውቅም። የምትሰማው የሳምሶንን ግራ እጅ ነው።

"አዎ፣ እሱ ነው" አልኳት።

"እስቲ ድምፁን ጨምርልኝ" አለች።

ጨመርኩላት።