ተራ ቁጥር ስድሳ አራት

የሠራተኛ ማኅበር ሊቀመንበር አይቶ የማያውቅ ሰው ካለ፣ ወይ ተቀጥሮ አያውቅም፣ ወይ ስብሰባ ላይ እንቅልፍ ይወስደዋል። በየመሥሪያ ቤቱ አንድ አይጠፋም። "አንድ ነገር ብቻ" ብሎ ይጀምራል፤ ሲጨርስ ሰርቪሱ ሄዷል።

የእኛው ክቡር ሊቀመንበር ጋሽ ወንዳወቅ ይባላሉ። ከወልድያ ወደ ሲሪንቃ መውጫ ላይ ባለው ዱቄት ፋብሪካ ሃያ ሁለት ዓመት ሚዛን ላይ ሠርተዋል። የማኅበሩን ማኅተም ሳይዙ ሽንት ቤት እንኳ አይሄዱም። ጸሐፊያቸው እኔ ነኝ፤ ኃጢአቴን አላህ ይወቀው። "ኢክራም! በቃለ ጉባኤ ይያዝልኝ!" ባሉ ቁጥር እስክሪብቶ አነሳለሁ። የምሳው ሽሮ ጨው እንዳነሰው ሳይቀር አስይዘውኛል። በመካኒካችን በዛኪር ኒካህ ላይማ፣ ዱዓው እንዳለቀ "ተቃውሞ ያለው?" ብለው እጅ ሊያስወጡ ሲሉ ነው ጎትተን ያስቀመጥናቸው።

አምና የፋብሪካው ባለቤት ከሰረ። ፍርድ ቤት ንብረት አጣሪ ሾመ፣ ሐራጅ ወጣ። ተጫራቾቹ ማሽኑን ፈታተው ጭነው ሊሄዱ ነው የሚል ወሬ መጣ። እንዲያ ከሆነ ስድሳ አራታችንም ሜዳ ላይ ቀረን ማለት ነው። እኛ ስንላቀስ፣ ጋሽ ወንዳወቅ መነጽራቸውን አድርገው የአጣሪውን የንብረት ዝርዝር ገለጡ።

"ጎደሎ ነው!" አሉ።

"ምን ጎደለ?" አለ አጣሪው፣ ገና ወጣት ነው።

"ሠራተኛው የለበትም። ይሄን ወፍጮ ያለ ዛኪር ማን ሊያስነሳው ነው? አንተ ነህ?"

"ሠራተኛ እኮ ንብረት አይደለም፣ ጋሼ።"

"አይደለማ! ንብረትማ ቢሆን ዘበኛ ትቀጥሩለት ነበር። ኢክራም፣ ይያዝልኝ!"

ያን ዕለት አባሪ ዝርዝር አስጻፉኝ፤ ልክ እንደ ማሽኖቹ፣ ተራ ቁጥር፣ ዓይነት፣ ሁኔታ እያልን። "ዛኪር፣ መካኒክ፣ የሚሠራ።" "ብዙነሽ፣ ጆንያ ሰፊ፣ የምትሠራ፤ ጉልበቷ ቅባት ይፈልጋል።" ብዙነሽ ይህን ስታነብ በጫማ ልትላቸው ነበር። እሳቸው ምን ተዳቸው! በሚኒባስ መርሳና ውርጌሳ ድረስ እየዞሩ ለተጫራቾቹ አደሉት።

ወላሂ፣ ሠራ! የወልድያው ነጋዴ አቶ ዘረሰናይ ሐራጁን አሸነፈና ፋብሪካውን እዚሁ ሊያስቀጥል ዝርዝሩን ይዞ ስብሰባችን ላይ መጣ።

"ሁሉንም እቀጥራለሁ" አለ። "እኚህን ሰውዬ ግን አልችላቸውም። በስብሰባ ይገድሉኛል።"

ጋሽ ወንዳወቅ የራሳቸውን መስመር ባዶ ትተውት ነበር። ዝርዝሩን ተቀበሉና በእጃቸው ሞሉት፦ "ተራ ቁጥር 64፣ ወንዳወቅ፣ ሊቀመንበር። ሁኔታ፦ ያረጀ፤ ሊወገድ የሚችል።" ማኅተም መቱበት። "ይያዝልኝ" አላሉም።

ስድስት ዓመት ሙሉ "ምነው ዝም ባሉልኝ" ስል የኖርኩት ሴት፣ ዝም ሲሉ ብድግ አልኩ። ዝርዝሩን ከእጃቸው ነጠቅኩ። "ያረጀ፤ ሊወገድ የሚችል" የሚለውን ሰርዤ፣ "የሚሠራ" ብዬ ጻፍኩ።

"አቶ ዘረሰናይ፣ እሳቸው ከሌሉ እኔም የለሁም" አልኩ።

"እኔም" አለ ዛኪር። ብዙነሽም ጉልበቷን እያሻሸች ተነሳች። ከዚያ ወንበር ላይ የቀረ ሰው አልነበረም።

ነጋዴው ወፍጮውን አየ፣ ዛኪርን አየ፣ ተነፈሰ። "እሺ! ስብሰባ ግን በወር አንድ ቀን!"

ጋሽ ወንዳወቅ ዝርዝሩን አንስተው አዩት። ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። አሁንስ መረቁኝ ብዬ አንገቴን ዝቅ አደረግኩ።

"ይሄ ምንድን ነው?" አሉ። "ስርዝ ድልዝ ያለበት ሰነድ ዋጋ የለውም! ስርዙ ላይ ፈርሚበት!"

ፈረምኩ። ዛኪርም ፈረመ፣ ብዙነሽም። ቦታው አልበቃ ሲል ወረቀቱን ገልብጠን፣ ሁላችንም ጀርባው ላይ ፈረምንላቸው።