«ትንሽ ደከም ብሎት ነው»

ኖርዌጂያን ሲያመው ደስ ይላል። በክፉ አትውሰዱብኝ። የሰው ሕመም የሚያስደስተኝ ሆኜ አይደለም፤ እንጀራዬ ሆኖ ነው። ኦስሎ ውስጥ አምቡላንስ ላይ ነው የምሠራው። ኖርዌጂያን ሲያመው ታዲያ ገና በሩን አልፈን ሳንገባ የት እንደሚያመው፣ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ፣ ጠዋት ምን እንደበላ ይዘረዝርልናል። ከዜሮ እስከ አሥር ሕመምህ ስንት ነው ስንለው አሰብ ያደርግና «ሰባት... ናይ፣ ስድስት ተኩል» ይላል። ያቺ ተኩሏ ደስ ስትለኝ። ጎረቤት ምን ይለኛል የለ፣ ልጆቼ ይደነግጣሉ የለ። አመመኝ ብሎ ደወለ፣ መጣን፣ ወሰድነው፣ አለቀ።

የእኛ ሰው ቤት ስንሄድ ግን ሌላ ነው። ስም አልጠራም። የሙያው ሕግ አፌን ለጉሞታል፤ በዚህ የተነሣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ግማሹ ሰው አኩርፎኛል። ማን እንደሆነ ሳልነግራችሁ ግን ምን እንደሆነ ልንገራችሁ። አንድ ሰው ከደረጃ ወድቆ እግሩ ተሰብሯል፤ አጥንቱ ሱሪውን ሊቀድ ምንም አልቀረውም። እንዴት ነህ ወንድሜ አልኩት። «ክብር ለጌታ ይሁን፣ ደህና ነኝ። አንተስ እንዴት ነህ? ልጆች ደህና ናቸው?» የሥራ ባልደረባዬ ኢንግሪድ ሱሪውን በመቀስ እየቆረጠች ምን አለ ብላ ጠየቀችኝ። ስለ ልጆቼ ጠየቀኝ አልኳት። ቀና ብላ አየችኝና ወደ መቀሷ ተመለሰች።

ከዜሮ እስከ አሥር ስንለው ደግሞ ጭራሽ ተቀየመን። አሥር ካልኩ ከእኔ የባሰበት ሰው ምን ሊል ነው አለን። ሦስት ብሎ አረፈው። ሚስቱ በበኩሏ ሳትቀምሱማ አትወጡም ብላ በሩ ላይ ቆመች። ቃሬዛ ተሸክመን ድፎ ዳቦ እምቢ ስንል ተከራከርን። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ብለን የተረትነው እኛው አይደለን? ለማን ነበር የተረትነው?

ይሄ እንኳ በአካል ደርሰን ስላየነው ነው። እግር አይዋሽም። የሚያበግነኝ ስልኩ ነው። ስልክ የሚቀበል ሰው አያይም፤ የተነገረውን ብቻ ነው የሚያምነው። እዚህ ላይ ነው የገዛ ቤቴ የተቃጠለው።

የሚስቴ የማርታ ወላጆች ሞርተንሩድ ነው የሚኖሩት። እኛ ፕሪንስዳል ነን፤ ቅርብ ነው። አማቼ ጋሽ ደሳለኝ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ማርታ ለእሳቸው ብቸኛ ልጅ ናት፤ እሳቸው ለእሷ ምን እንደሆኑ ለመናገር ቃል አይበቃኝም። በቀን ሦስት ጊዜ በቫይበር ካልደወለችላቸው ምግብ አይወርድላትም። አንድ ቀን ከሥራ ስወጣ ሰላም ልበላቸው ብዬ ጎራ አልኩ። ጋሽ ደሳለኝ ሶፋው ላይ ተቀምጠዋል። ፊታቸው አመድ መስሏል፣ ላብ አጥምቋቸዋል፣ ቀኝ እጃቸው ደረታቸው ላይ ነው። እኔን ሲያዩ ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? ብድግ አሉ። እንግዳ መጣ ተብሎ መነሳታቸው ነው። አይነሱ፣ በጌታ ይቀመጡ እያልኩ ስለምን «ኧረ ምን ሲደረግ» እያሉ እጃቸውን ከደረታቸው አንስተው ዘረጉልኝ። ልባቸው በዚያች ደቂቃ እየከዳቸው ነበር።

እኔው ደወልኩ። የሥራ ጓደኞቼ መጥተው ወሰዷቸው። ለጥቂት ነው የተረፉት፤ ሐኪሙም እንዲህ ዓይነቱን ነገር ቁጭ ብሎ መጠበቅ አይገባም አለን።

ለካ አማቴ እትዬ ወርቅነሽ ቀደም ብለው ወደ አምቡላንስ ቁጥሩ፣ ወደ 113፣ ደውለው ኖሯል። ምን አሉ አልኳቸው። ያሉትን በኩራት ደገሙልኝ። በመጀመሪያ ልጅቱን እንደምን ዋልሽ ብለዋል። በሥራዋ ላይ ስለረበሿት ይቅርታ ጠይቀዋል። ከዚያ ባለቤቴ ትንሽ ደከም ብሎት ነው አሉ። ደረቱን ያመዋል? «ሊት።» ትንሽ ማለት ነው። አልቦታል? «ሊት።» ይተነፍሳል? «ጃ፣ ተመስገን።» ልጅቱ እንግዲያው ይረፍ፣ ከባሰበት መልሰሽ ደውዪ አለቻቸው። መርቀዋት ስልኩን ዘጉ። ልጅቱን አልወቅስም። እንዲህ ተብሎ ቢነገረኝ እኔስ አምቡላንስ እልክ ነበር?

ለምን ትንሽ አሉ፣ ሰውየው እየሞቱ አልነበረም ወይ ብዬ ጮኽኩባቸው። አማቴ ላይ ጮኽኩ። እትዬ ወርቅነሽ ነጠላቸውን እያስተካከሉ ተረጋግተው መለሱልኝ። «ድምጿን ብትሰማው ገና ልጅ ናት። የማላውቃትን የሰው ልጅ ምን ብዬ ላስደንግጣት?»

 

ነገሩ ሥር አለው። እኛ ክፉ ወሬ ፊት ለፊት አንናገርም። መርዶ ወግ አለው፤ ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ በጠዋት ተሂዶ፣ አስቀድሞ ትንሽ አሞታል ተብሎ፣ ቀጥሎ ጠንቶበታል ተብሎ ነው ወደ እውነቱ የሚደረሰው። ኦስሎ ድረስ ይዘነው መጥተናል። የቤተ ክርስቲያናችንን ፓስተር ኤርሚያስን ብትጠይቋቸው ይነግሯችኋል። ሰውየው ምስኪን ናቸው፤ ሰው ቤት ሳይደውሉ መሄድ አይችሉም። ባለፈው አንዱን ምእመን ልጠይቅ ብለው ከአንድ ሽማግሌ ጋር ከመኪና ሲወርዱ ምእመኑ በመስኮት አያቸው። በሩ ጋ ሳይደርሱ ቤቱ በለቅሶ ተናጋ። የመጡት ስለ መዘምራን ልብስ ስፌት ሊያማክሩት ነበር። ከዚያ ወዲህ ፓስተሩ በር ላይ ሆነው ይደውላሉ። ማንም አልሞተም፣ ልጠይቃችሁ ብዬ ነው ካሉ በኋላ ነው የሚያንኳኩት።

ስለዚህ ቤተ ክርስቲያን ላስተምር ብዬ ተነሳሁ። አንድ እሑድ ከስብከት በኋላ ቆምኩ። ወንድሞችና እህቶች፣ 113 ስትደውሉ ሰላምታ የለም አልኩ። ጉምጉምታ ሆነ። ማን ነው፣ የት ነው፣ ምን ሆነ፣ ይተነፍሳል አይተነፍስም። በቃ። አንዲት እናት እጃቸውን አውጥተው ሰላም ሳንል ባለጌ አይሉንም ወይ ብለው ጠየቁ። ይበሉን አልኩ። አንድ አባት ደግሞ ሰውየው እስትንፋስ ባይኖረውስ አሉ። አይተነፍስም በሉ። «በስልክ? ለሰው?» አዎ፣ በስልክ፣ ለሰው። መርዶ እኮ አይደለም የምትናገሩት አልኳቸው፤ እርዳታ ነው የምትጠሩት። ፓስተር ኤርሚያስ አሜን አሉ።

እትዬ ወርቅነሽን ወደ ፊት አውጥቼ አለማመድኳቸው። እኔ ስልክ ተቀባይ፣ እሳቸው ደዋይ። «ሄሎ፣ እንደምን ዋልህ ልጄ» አሉ። እንደገና። «ሄሎ... እንደምን...» እንደገና። ሕዝቡ ይስቃል፣ እኔ እየበገንኩ ነው፣ እሳቸው እንባ እንባ ይላቸዋል። በመጨረሻ ዓይናቸውን ጨፍነው «ባሌ ነው፣ ደረቱ ነው፣ ሞርተንሩድ ነው፣ ኑ» አሉና ቁጭ አሉ። ሰው ሁሉ አጨበጨበ። ኢንግሪድ ግን ይህን ሁሉ ትምህርት አላስፈለጋትም። የጋሽ ደሳለኝን ነገር ስነግራት ገብቷታል። ከዚያ ወዲህ ከሐበሻ አፍ «ሊት» የሚል ቃል ከወጣ ሌላ አትጠይቅም፤ የልብ መሣሪያውን አንስታ ነው የምትሮጠው።

ክረምቱ ገባ። ሥራ ላይ ነኝ፣ ከኢንግሪድ ጋር መኪናችንን እያጠብን። ስልኬ ጠራ። እትዬ ወርቅነሽ ናቸው። «ሳሙኤል። ደሳለኝን አምቡላንስ ወስዶታል። ደረቱ ነው። ይተነፍሳል።» ዘጉት።

ሰው እንዲህ ይነገረዋል? እንደምን ዋልክ የለ፣ አይዞህ የለ፣ ቁጭ በል የለ። መኪናው ጎማ አጠገብ ቁጭ አልኩ። ኢንግሪድ ውሃውን ዘግታ ማን ነው ይህን ያህል በግልጽ የተናገረው ብላ አደነቀች። አማቴ ናቸው አልኳት። ጎበዝ ናቸው አለች። አለቃዬ ሂድ ብሎ ለቀቀኝ።

ሆስፒታል ስደርስ ሁሉም ነገር አልቋል። በደህና ነው ያለቀው። በጊዜ ስለደረሱ የተዘጋውን የደም ሥር ከፍተውላቸዋል። ጋሽ ደሳለኝ ትራስ ደገፍ ብለው ሾርባው ጨው የለውም እያሉ ነው። አጠገባቸው እትዬ ወርቅነሽና ሊጸልዩላቸው የመጡት ፓስተር ኤርሚያስ ተቀምጠዋል። አማቴ እጄን ይዘው አንተ ባታስተምረን ዛሬ ደሳለኝ የለም ነበር አሉኝ። አንጀቴን በሉት፤ አለቀስኩ። እሳቸው ግን የጨነቃቸው ሌላ ነው። «ስልኩን ያነሣችውን ልጅ ሰላም እንኳ አላልኳትም እኮ። አሁን ደውዬ እንደምን ዋልሽ ብላትስ?»

የቀረው ማርታ ናት። እኔ አልችልም፣ አንተ ንገራት፣ ሙያህ ነው አሉኝ። እውነት ነው፣ ሙያዬ ነው። አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ አባትሽን አሟቸው ነበር፣ ታክመው ድነዋል። ወደ ኮሪደር ወጥቼ ደወልኩ። «ሄሎ ሳሙዬ» አለች። ድምጿ ደስ ብሎታል። ምሳ በላሽ ወይ አልኳት።

 ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደውዬ ስለ ምሳ ጠይቄያት አላውቅም። «ምን ሆነሃል?» ምንም፣ እንዲሁ ነው፣ መጣሁ እዚያው ጠብቂኝ አልኩና ዘጋሁት።  ፓስተር ኤርሚያስ ወጥተው ትከሻዬን ያዙኝ። እንዲህ ያለ ነገር በስልክ አይሆንም፣ አብረን እንሂድ አሉ። እንዲህ ያለ ነገር የሚሉት እንግዲህ ሰውየው መዳናቸውን ነው። ያን ጊዜ ግን ልክ መስሎ ታየኝ።

ማርታ የምትሠራው ሄልስፊር፣ አንዱ የከተማው አስተዳደር፣ የኮሙኑ፣ ቢሮ ውስጥ ነው። ግድግዳው ሁሉ መስተዋት ነው። ከሊፍቱ ስንወጣ ከሩቅ አየችን። እኔ የአምቡላንስ ልብሴን ለብሻለሁ። ፓስተሩ ጥቁር ካፖርታቸውን ደርበዋል፣ ሳይደውሉ ነው የመጡት። ይህ ሁሉ ትዝ ያለኝ ማርታ ከወንበሯ ስትነሳ ነው። ፈገግ ልበል አልኩ፤ ፊቴ እምቢ አለ። ፓስተሩ ቀደሙኝና «ምንም የለም ልጄ፣ መጀመሪያ ቁጭ በይ» አሏት።

ቁጭ በይ።

«አባዬን!» ብላ ወለሉ ላይ ወደቀች። ቢሮው ተነቃነቀ። ድነዋል፣ በሕይወት አሉ፣ ማልኩልሽ እላታለሁ፤ «አትደብቁኝ፣ አውቄዋለሁ» ትላለች። ምን ታድርግ? መጀመሪያ በሕይወት አለ ይባላል፣ ቀጥሎ ጠንቶበታል፣ ቀጥሎ... ደረጃውን ታውቀዋለች። ወዲያው ለአባቷ ደውዬ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ያዝኩላት። ጋሽ ደሳለኝ በዚያ በተለመደው ድምፃቸው ተመስገን ልጄ፣ ደህና ነኝ፣ አንቺ እንዴት ነሽ አሏት። በሕይወት መኖራቸውን አመነች። ደህና መሆናቸውን ግን አላመነችም። «እሱ መቼ ደህና አይደለሁም ብሎ ያውቃል?» ብላ ለቅሶዋን ቀጠለች። ወዲያው እጇ ቀዘቀዘ፣ ከንፈሯ ነጣ፣ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ አለ። ከዚያ በኋላ እኔም መፍራት ጀመርኩ።

ከጎኗ የሚሠራው ወጣት ኖርዌጂያን ለካ ስልክ ላይ ነው። ጥርት አድርጎ ይናገራል። ሴት ናት፣ ሄልስፊር ነን፣ ወድቃለች፣ ትተነፍሳለች፣ ትንፋሿ ግን ጥሩ አይደለም። ምን ሆና ነው ብለው ጠየቁት መሰለኝ፤ እኔና ፓስተሩን ገልመጥ አደረገን። «ሁለት ሰዎች መጥተው ምንም አልነገሯትም» አለ።

ሳይረን ተሰማ። ሊፍቱ ተከፈተና ኢንግሪድ ቦርሳዋን ይዛ ወጣች፣ በእኔ ቦታ የገባው ልጅ ከኋላዋ። መሬት ላይ ማርታን አየች። አጠገቧ የተንበረከኩትን ፓስተር አየች፣ እኔን አየች። «ሳሙኤል፣ ምን ሆና ነው?»

ያን እሑድ ያስተማርኩት ሁሉ ምላሴ ላይ ነበር። ማን፣ የት፣ ምን። አፌን ስከፍት ግን ኢንግሪድ ገና መግባቷ ነው፣ ሮጣ ነው የመጣችው፣ ምን ብዬ ላስደንግጣት።

«ትንሽ ደንግጣ ነው» አልኳት፣ «ሊት።»

ኢንግሪድ ሌላ አልጠየቀችም። ወደ ኋላዋ ዞር ብላ የልብ መሣሪያውን ቶሎ አምጣው አለችው።