የመለከት ሬዲዮ ጥንቸል

(የእናታቸው ሳሎን። እናት ወደ ሴት ልጃቸው ቤት ሊገቡ ስለሆነ ዕቃው ሁሉ በየካርቶኑ ታስሯል። ቡፌው ላይ የቀረው አሮጌው መለከት ሬዲዮ ብቻ ነው፤ ግንባሩ ላይ የፋብሪካው ምልክት የሆነ ኮፍያ የደፋ ጥንቸል ተስሎበታል። በአንድ ወገን ወንድም ጋሼ ይዞታል፤ የትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር ነው፤ የማያውቀውን ነገር ከሚያውቁት ሰዎች በላይ ያብራራል። በሌላው ወገን ታናሽ እህቱ ይዛዋለች፤ ልብስ ሰፊ ናት፤ ቤተሰቡ ከልጅነቷ ጀምሮ «ፈዜ» ይላታል።)

ወንድም ጋሼ፦ የታጠፈው ግራ ጆሮው ነው አልኩሽ!

ፈዜ፦ ቀኙ ነው ጋሼ። ይኸው እያየሁት።

ወንድም ጋሼ፦ አንቺ እኮ ከፊቱ ቆመሽ ነው! ለራሱ ግራው ነው። እስቲ ራስሽን በጥንቸሉ ቦታ አድርገሽ አስቢው።

ፈዜ፦ (ዓይኗን ጨፍና ታስባለች) ኮፍያው ጠበበኝ።

ወንድም ጋሼ፦ ወይ ጣጣ! «መለከት ሬዲዮ፣ አንድ ጆሮ አይበቃውም!» የሰፈር ልጅ ሁሉ እየጮኸው ነበር ከትምህርት ቤት የሚመለሰው። ዛሬ እንዲህ ያለ ማስታወቂያ አለ? ልቀቂው፣ እኔ ነኝ የምወስደው።

ፈዜ፦ እማዬ ክፍል ላስቀምጥላት ነበር። ለምንህ ነው?

ወንድም ጋሼ፦ (በሩን ዞር ብሎ አይቶ) የማማክረው ጉዳይ አለኝ።

ፈዜ፦ ማንን?

ወንድም ጋሼ፦ ጥንቸሉን።

ፈዜ፦ እሺ።

ወንድም ጋሼ፦ «እሺ» ብቻ? አትገረሚም?

ፈዜ፦ ጉዳዩን ሳልሰማ በምን ልገረም?

ወንድም ጋሼ፦ የቤተ መጻሕፍታችን ኃላፊ... አለች አይደል? ሚስቴ ካረፈች ስድስት ዓመት ሆነ። ሴትዮዋን ለጋብቻ ልጠይቃት ወይስ አርፌ ልቀመጥ? ሁለት ዓመት ሙሉ በየሳምንቱ መጽሐፍ እዋሳለሁ፤ አንዱንም አላነበብኩት። ዛሬስ እነግራታለሁ ብዬ አፌን ስከፍት፣ የሚወጣው «መመለሻው መቼ ነው?» ነው።

ፈዜ፦ ታዲያ ጥንቸል ስለ ጋብቻ ምን ያውቃል?

ወንድም ጋሼ፦ አንቺ ያኔ ሕፃን ነበርሽ፣ አይገባሽም። በስምንት ዓመቴ ሒሳብ አልገባ ብሎኝ፣ ትምህርት በቃኝ ብዬ እዚህ ቡፌ ሥር ተቀምጬ ሳለቅስ፣ በስሜ ጠራኝ! «ነገ ትምህርት ቤት ትሄዳለህ! ከነገ ወዲያም!» አለኝ። እኔን ሰው ያደረገኝ እሱ ነው።

ፈዜ፦ ሬዲዮ በስም ይጠራል እንዴ?

ወንድም ጋሼ፦ የድሮው ነዋ! ረጅም ሞገድ ለትልልቅ ሰው፣ አጭር ሞገድ ለልጆች። ይሄ ሳይንስ ነው።

ፈዜ፦ መብራት ሲጠፋስ?

ወንድም ጋሼ፦ መብራት ጠፍቶም ይናገር ነበር! ጥራት ማለት እሱ ነው። የዛሬው ዕቃ መብራት እያለም አይሠራ!

ፈዜ፦ አንድ ሰሞን ጉንፋን ይዞት ነበር አይደል?

ወንድም ጋሼ፦ (ተደንቆ) አዎ! አፍኖት ነበር። በምን አወቅሽ?

ፈዜ፦ ያን ሰሞን እኔም አሞኝ ነበር።

ወንድም ጋሼ፦ ውይ ምስኪን! ከሬዲዮው ተጋብቶብሽ ነዋ!

ፈዜ፦ «ከዳቦህ ግማሹን ለእህትህ ስጣት» ይልህ የለ?

ወንድም ጋሼ፦ ይለኝ ነበር! እንዴት ያለ ደግ ጥንቸል... (ያቆማል)

ፈዜ፦ የቡፌው ጀርባ ክፍት ነው ጋሼ። የስድስት ዓመት ልጅ ይይዛል።

(ወንድም ጋሼ ሬዲዮውን ለቀቀው። ከካርቶኖቹ በአንዱ ላይ ቁጭ አለ። አፈረ፤ ጆሮው ድረስ ቀላ። ቀጥሎ ግን እህቱን ቀና ብሎ ሲያያት ሆዱ ባባ።)

ወንድም ጋሼ፦ ፈዜዬ... ያን ሁሉ ያደረግሽው ለእኔ ብለሽ ነው? ወንድሜ ሳይማር እንዳይቀር ብለሽ?

ፈዜ፦ አይ። ቤት ስትውል ሬዲዮውን ዜና ላይ ታደርግብኝ ነበር። እኔ የጠዋቱ ተረት እያመለጠኝ ተቸገርኩ።

ወንድም ጋሼ፦ እኔ የተማርኩት... ርዕሰ መምህር የሆንኩት... አንቺ ተረት እንድትሰሚ ነው?!

ፈዜ፦ ጥሩ ጥሩ ተረት ነበር እኮ።

ወንድም ጋሼ፦ በቃ ውሰጂው። እንግዲህ በዚህ ዕድሜዬ ማንን ላማክር?

(ፈዜ ትንሽ አሰበች። ከዚያ ቀሚሷን ሰብስባ ከቡፌው ጀርባ ተንበረከከች።)

ፈዜ፦ (በቀጭን ድምፅ) ጠይቅ!

ወንድም ጋሼ፦ ተይ አታላግጪብኝ!

ፈዜ፦ ጠይቅ እንጂ፣ ጉልበቴን አመመኝ!

ወንድም ጋሼ፦ (ወደ በሩ አይቶ፣ ክራቫቱን አስተካክሎ፣ ለሬዲዮው) እህ... ብጠይቃት... እሺ ትለኛለች?

ፈዜ፦ ባለፈው ሳምንት ልብስ ልትለካ ሱቄ መጥታ ነበር።

ወንድም ጋሼ፦ የምን ልብስ?

ፈዜ፦ የሙሽራ።

ወንድም ጋሼ፦ (ከካርቶኑ ብድግ ብሎ) ጉድ ፈላ! ማንን ልታገባ?!

ፈዜ፦ እኔም ጠየቅኳት። «ርዕሰ መምህራችንን ነዋ» አለችኝ፤ «ያልሰሙት እሳቸው ብቻ ናቸው።»