ለጋ ቅቤ ይዤ አንጎል በር ላይ

ትናንት እሑድ ምሳዬን ጥርግ አድርጌ ሶፋው ላይ ጋደም እንዳልኩ ያየሁትን ሕልም እስቲ ስሙኝ።

መጀመሪያ ግን አንድ ነገር እንተማመን። በቅቤ ጉዳይ ከእኔ በላይ አውቃለሁ የሚል ካለ ይምጣ! ዕድሜዬን የጨረስኩት ቅቤ ስሸጥ ነው። ታናሽ እህቴ አስካለ ደግሞ ሌላ ሰው የማይሰማው ድምፅ ይሰማታል። ክኒን ጀምራ ደህና ሆና ነበር። አንድ ቀን አብሬያት ሐኪም ቤት ብሄድ ሐኪሙ፣ «አንጎል ውስጥ ያለውን ኮሌስትሮል እንዲሁ እንዳያዩት፤ አንጎል ያለ ቅባት አይሠራም» አለኝ። አላስጨረስኩትም። ነገሩ የቅባት ከሆነ ቅባት ያለው እኔ ጋ አይደል እንዴ? ክኒኗን ኪሴ ከተትኩና አናቷ ላይ ለጋ ቅቤ መከመር ጀመርኩ። ድምፁ ተመለሰባት፤ እንቅልፍም እምቢ አላት። «ቅቤው ገና ሰርጎ አልገባም፣ ታገሺ» አልኳት።

በሕልሜ ቅቤ ተራ ነበርኩ። ለሽያጭ የተደረደርነው እኛ ነጋዴዎቹ ነን፤ ገዢዎቹ ቅቤዎች ናቸው። አንዷ ድንቡሽቡሽ ያለች ቅቤ ጉንጬን ቆንጥራ አሸተተችኝ፤ በጣቷ ነካ አድርጋም ቀመሰችኝ።

«ይሄ ሰውዬ ባዕድ ነገር ተቀላቅሎበታል» አለች።

«እኔ? ኧረ ንጹሕ ነኝ እመቤቴ!»

«ዝም በል፣ ዕቃ አይናገርም።»

በኮባ ቅጠል ጠቅልላ ዘንቢሏ ውስጥ ወረወረችኝ። እውነቱን ልናገር አይደል፣ ተመችቶኝ ነበር።

ከዘንቢሉ ብቅ ስል ሐኪም ቤት ነኝ። ነጭ ጋዋን የለበሱት በሽተኞቹ ናቸው፤ ሐኪሞቹ ካርዳቸውን ይዘው ኮሪደሩ ላይ ተሰልፈዋል። አስካለ ጠረጴዛው ጋ ተቀምጣ፣ አንገቷ ላይ ማዳመጫ አንጠልጥላ ጠራችኝ።

«ድምፅ ይሰማሃል?»

«ኧረ በጭራሽ!»

«ይኸው ነዋ በሽታህ! ሰው እያናገረህ አይሰማህም።»

ይህን ብላ አናቷን እንደ ድስት ክዳን ከፈተችና፣ «ግባ፣ ራስህ እየው» አለችኝ። አንድ ቅል ለጋ ቅቤ አንጠልጥዬ ገባሁ።

ውስጡ ከተማ ነው። በሩ ላይ ኮፍያ ያደረገች ላም ጥበቃ ቆማለች።

«ምንድን ነው የያዝከው?»

«ቅቤ ነው፣ ለእህቴ።»

«አይገባም።»

«ያንቺው ቅቤ እኮ ነው!»

«የኔ ስለሆነ ነዋ አይገባም የምልህ። አንጎል ቅባቱን የሚያነጥረው ራሱ ነው፤ የውጭ አይቀበልም።»

ላም እኔን ስለ ቅቤ ልታስተምር! በንዴት በአጥሩ ቀዳዳ አጮለቅሁ። በወዲህ በኩል ቅባቱ ተራራ ሆኖ ተከምሯል። በወዲያ በኩል የሰፈሩ ሰው ሁሉ ባዶ ድስቱን ይዞ ይጮኻል። ያ ነበር አስካለን እንቅልፍ የሚነሳት ጩኸት። መሃል ላይ ቅባት የተጫነ ተሸካሚ አንድም የለም፤ ቅባቱ ተሸካሚዎቹን አዝሎ እሽሩሩ ይላቸዋል።

«አየህ፣ ቅባት አልጎደለም። የጎደለው የሚያደርሰው ነው» አለች ላሟ።

«ተሸካሚዎቹስ ለምን አያደርሱም?»

«እስቲ ኪስህን ገልብጠው።»

ገለበጥኩት። የአስካለ ክኒን ዱብ አለ። ድስት የያዘው ሰው ሁሉ ጩኸቱን አቁሞ ዞሮ አየኝ። አፈርኩ፤ ግን እኔ በቀላሉ እሸነፋለሁ? «በሩን ክፈቱ! ቅቤ የማውቅ እኔ ነኝ!» እያልኩ አጥሩን መግፋት ጀመርኩ። ላሟ ቀንዷን ዝቅ አድርጋ መጣች። ግንባሬ ላይ የሆነ ነገር ተንቆረቆረ።

ብንን አልኩ። አስካለ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች፤ እጇ እስከ ክርኗ ቅቤ ነው። አናቴን ብነካው ፀጉሬ የለም፣ ሁሉም ቅቤ ሆኗል። እየቀለጠ ዓይኔ ውስጥ ይገባል።

«ምን እያደረግሽኝ ነው?»

«ብቻህን ስታወራ ሰማሁህ፣ ጋሼ። ከላም ጋር ትጣላለህ፣ ‹በሩን ክፈቱ› እያልክ ትጮኻለህ። ደነገጥኩ። አንተ እንዳሳየኸኝ አደረግኩልህ።» ዓይኖቿ በእንቅልፍ እጦት ቀልተዋል። «ተሻለህ?»

«ኧረ ምን ይሻለኛል!»

«እኔንም አልተሻለኝም» አለችና እጇን ዘረጋች። «ክኒኔን አምጣ።»

እጄን ኪሴ ከተትኩ፤ በቅቤ ተለውሶ ስለነበር ክኒኑ እየተሙለጨለጨ እምቢ አለኝ። ራሷ አወጣችው።