በአንድ ቀን ሰባት ጊዜ የተዳረችው እጮኛዬ

«ማየት ማመን ነው» ያለው ሰው ማን እንደሆነ አላውቅም፤ ግን ፊልም አይቶ የማያውቅ፣ እጮኛም ኖራው የማታውቅ ሰው መሆን አለበት። እኔ ሁለቱንም ቀምሻቸዋለሁ። ስለዚህ ዓይን የሚባለውን ነገር እንደ ቅርብ ዘመድ እወደዋለሁ እንጂ ምስክርነቱን አልቀበልም። ጆሮ ሲሳሳት «ሰው ሲያወራ ሰምቼ ነው» ብሎ ያመልጣል። ዓይን ግን ዋሽቶም አያፍርም፤ «በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ» ብሎ ድርቅ ይላል።

የተማራችሁት ሰዎች ስለ ፊልም ስትከራከሩ እሰማለሁ። እውነቱና ፈጠራው ተደባለቀ፣ ድንበሩ ፈረሰ፣ ምስሉ ባለቤቱን ዋጠው ትላላችሁ። አዲስ ነገር ያገኛችሁ ይመስል! ይሄ ነገር እኛ ቆቦ ላይ የደረሰው በደርግ ጊዜ፣ መብራት እንኳ በቅጡ ሳይገባልን ነው። የደረሰውም በኔ ላይ ነው።

ቅናተኛ መሆኔን ከወዲሁ ልናዘዝ፤ ኋላ ከሌላ ሰው ብትሰሙት ይብሳል። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ሲባል እየሰማሁ አድጌ፣ ምክሩን ከሚገባው በላይ የያዝኩ ሰው ነኝ። አልጋነሽን ካጨሁ ወዲህማ ዕረፍት የሚባል ነገር አላውቅም ነበር። ገበያ ወርዳ ማሽላ ስትሸምት ነጋዴው ቁናውን ክምር አድርጎ ከሞላላት፣ ለኔ ለምን እንደዚያ አይሞላልኝም እያልኩ አንድ ሳምንት እብሰለሰላለሁ። አስተማሪ ስለነበርኩ የማስብበት ጊዜ ሞልቶኛል።

አልጋነሽ የአያ ሞላ ልጅ ናት። አያ ሞላ ከጎሊና ወንዝ ማዶ ያለው የገበሬዎች የአምራቾች ማኅበር አባል፣ ቃላቸውን የማያጥፉ ሰው ናቸው። ሁለት ዓመት ሽማግሌ ሳመላልስ ኖሬ በስንት መከራ እሺ አሉኝ፤ ሰርጉም ለጥር ተቆረጠ። እንግዲህ ከኅዳር እስከ ጥር ምን ይመጣል? ፊልም አንሺ መጣ።

የማኅበሩን አዝመራና ኑሮ እንዲያነሱ ከአዲስ አበባ የተላኩ ናቸው። አለቃቸው ባለ ኬፕ ቆብ፣ አጠር ያለ ሰው ነው፤ እኛ «ዋናው» እንለው ነበር። ማሽላው ደርሷል፣ ትራክተሩ ታጥቧል፣ ሁሉ ተነሳ። የቀረው «አዲሱ ሰርግ» ነው። ድግስ የማይበዛበት፣ ጥሎሽ የማይጠየቅበት፣ ሙሽሮቹ በበቅሎ ፋንታ በትራክተር የሚሄዱበት ሰርግ መታየት አለበት ተባለ። እኔ የሰፈሩ አስተማሪ በመሆኔ መንገድ መሪያቸው ተደርጌያለሁ።

«ጓድ መምህር፣ ለሙሽራነት የምትሆን ልጅ ታውቃለህ?» አለኝ ዋናው።

«አላውቅም» ብል እስከ ዛሬ ሰላም አድር ነበር። ግን ሰው ያለውን ነገር ሊያሳይ ሲፈልግ ልቡናው ይሸፈናል። «እንዴታ! የኔዋ እጮኛ አለች አይደለም እንዴ!» አልኩት ደረቴን ነፍቼ። እጮኛዬ ሙሽሪት ከሆነች ሙሽራው ማን ሊሆን ነው? መቼም ይሄን የሚጠይቅ ሰው አለ ብዬ አላሰብኩም። ዋናው ግን መነጽሬን አየ፣ ቀጫጭን እግሮቼን አየ፣ ራሱን ነቀነቀ።

«አንተ ገበሬ አትመስልም።»

«እጮኛዋ እኮ እኔ ነኝ!»

«እሱማ እውነት ነው» አለ በትዕግሥት። «ፊልም ላይ ግን እውነት አይመስልም።»

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይህቺ ናት። የተመረጠው ሙሽራ የማኅበሩ ትራክተር ነጂ አራጋው ሆነ። አራጋው ቁመቱ ዘለግ ያለ፣ ጎፈሬው የተከመከመ፣ ጥርሱ እንደ ወተት የነጣ ነው። እኔ ይሄን ሰው ከዚያ በፊትም አልወደውም ነበር። ምን አደረገህ ብትሉኝ ምንም። ወንድ ልጅ ያን ሁሉ ጥርስ ምን ያደርግለታል? አያ ሞላን ያስፈቀድኩትም እኔው ራሴ ነኝ። «ጨዋታ ከሆነ እኮን ይሁን። መንግሥት ሰርግ አሳዩኝ ካለ እምቢ ይባላል?» አሉኝ።

ፊልሙ የተነሳ ዕለት የቆቦ ፀሐይ ካሜራውን እንዳታግለው ጃንጥላ የሚይዝ ሰው አስፈለገ። ገምቱ ማን እንደያዘ። እኔ ከካሜራው ኋላ ጃንጥላ ዘርግቼ ቆሜ፣ እጮኛዬ የማሽላ ዘለላ የታሰረበት ትራክተር ላይ ከአራጋው ጎን ተቀመጠች።

እኛ አገር ሙሽራ በሰርጓ ፊቷን በነጠላ ሸፍና ታለቅሳለች። የአባቷን ቤት ትታ መሄዷ ነውና ያላለቀሰች እንደሆነ «ቸኩላ ኖሯል» ትባላለች፤ ስሙም አይለቃትም። ዋናው ግን «በአዲሱ ሰርግ ለቅሶ የለም! ግለጪው ነጠላውን፣ ሳቂ!» ይላል። አልጋነሽ መጀመሪያ እምቢ አላት፤ ከንፈሯን ብታላቅቅም ሳቅ አልመጣም። «እንደገና!» አለ። አሁንም የለም። በሦስተኛው አራጋው እጇን ሲይዛት ምን እንደታያት እንጃ፣ ቀና አለችና ሳቋ አመለጣት። ከሆዷ የመጣ ሳቅ ነበር፤ እኔ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድም ቀን አላየሁትም። ዋናው ደስ ብሎት «በጣም ጥሩ! ከወዲያ ደግሞ እናንሳው፣ እንደገና!» አለ። ከዚያማ እንደገና በተባለ ቁጥር አራጋው እጇን ይይዛል፣ እሷም ትስቃለች። እኔ አንድ ጊዜ ላገባት ሁለት ዓመት ደጅ የጠናሁላትን ልጅ አራጋው በአንድ ቀን ሰባት ጊዜ አገባት።

ፊልሙ ተሠርቶ ለገና ሰሞን መጣ። የገበያ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ የቀበሌው አዳራሽ መስኮቶች በሸራ ተጋርደው፣ ግድግዳው ላይ አቡጀዴ ተወጥሮ ሕዝቡ ገባ። ከዋጃም ከጎብዬም የመጣ ገበያተኛ፣ ግመሉን ደጅ ያሰረ አፋር ሳይቀር ነበረበት። ማሽላው ታየ፣ ትራክተሩ ታየ። ከዚያ አልጋነሽ ከነሳቋ ግድግዳውን ሞላችው። አንድ ወፍራም ድምፅ «ጓድ አራጋውና የትዳር ጓደኛው አልጋነሽ አዲሱን ኑሮ ጀምረዋል» አለ። ሴቶቹ እልልታውን አቀለጡት።

ይሄም ባልከፋ። መካከል ላይ የተቀመጡት አያ ይመር ናቸው ጉዱን ያመጡት። አያ ይመር ክርስቲያኑም እስላሙም ለምርቃት ደጃቸውን የሚጠናቸው ሽማግሌ ናቸው። የመረቁት ይወልዳል፣ የመረቁት ዝናብ ይጥላል ይባላል። ፊልሙ ሲነሳ ዋጃ ልጃቸው ዘንድ ከርመው ስለነበር ነገሩን አያውቁም። እሳቸው ያዩት ሰርግ ነው። ሰርግ አይቶ የማይመርቅ ሽማግሌ ደግሞ የት አለ? ብድግ አሉና ሁለት እጃቸውን ወደ አቡጀዴው ዘረጉ።

«ትዳራችሁን ያጥናው! ጎተራችሁን ደገሌት ማሽላ ይሙላው! ውለዱ፣ ክበዱ፣ ጎጇችሁ አይፍታ!»

አዳራሹ በሙሉ ግማሹ «አሜን» ግማሹ «አሚን» አለ። እኔም ብያለሁ። ምን ላድርግ፣ ከልጅነት የለመደ አፍ ሽማግሌ እጁን ሲዘረጋ ባለቤቱን አያስፈቅድም።

በማግሥቱ አያ ሞላ አስጠሩኝ። ፊታቸው ጠቁሯል። «መምህር፣ የጥር ሰርግ ነገር ይቆይ» አሉ።

«ምነው አያ?»

«ምርቃት አርፎባታል። ከሌላ ሰው ጋር ተመርቃ አንተ ቤት ብትገባ ምርቃቱ ወደ እርግማን ይዞራል። ልጄን አላስበላም!»

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። ሁለት ዓመት የለፋሁበት ነገር በአንድ አቡጀዴ ተጠቅልሎ ሊሄድ ነው። እየሮጥኩ አያ ይመር ዘንድ ሄድኩና ፊልም ማለት ምን እንደሆነ፣ ብርሃንና ጥላ እንደሆነ፣ ክፍል ውስጥ እንደማስተምረው አድርጌ አስረዳኋቸው። እስክጨርስ በጨዋ ደንብ ሰሙኝ።

«በላ እሺ» አሉ ኋላ። «ልጅቷ አልጋነሽ አይደለችም እንዴ?»

«ናት።»

«ልጁስ አራጋው አይደለም?»

«ነው።»

«ሰዉስ አሚን አላለም?»

«ብሏል።»

«አንተስ?»

መነጽሬን አውልቄ መወልወል ያዝኩ።

«ታዲያ ውሸቱ የቱ ላይ ነው፣ ልጄ?»

የመምህራን ማሠልጠኛ እንዲህ ያለ ጥያቄ አልጠየቀኝም። ደግነቱ አያ ይመር መላም ነበራቸው፤ በወግ የታሰረ በወግ ይፈታል፣ አራጋው ይቅረብና ይፍታት፣ እኔም ምርቃቴን አነሳለሁ አሉ። እንዲህ ሆኖ እኔ ገና ያላገባኋትን ሚስቴን ለማፋታት ሽማግሌ ሰበሰብኩ።

እሑድ ጧት ከአያ ሞላ ደጅ ያለችው ቁርቁራ ዛፍ ሥር ተቀመጥን። አልጋነሽ ከአባቷ ጎን ነጠላዋን ተከናንባለች። አራጋው ካኪውን ተኩሶ መጣ፤ ለፍች ካኪ መተኮስ ምን ያደርጋል ብዬ እሱንም ያዝኩበት።

«ይሄን ሙሽራ ትፈታለህ?» አሉት አያ ይመር።

«እፈታለሁ፣ አያ።»

«ምን በደለችህ?»

አራጋው ደነገጠ። «ኧረ ምንም አልበደለችኝም» አለ። ይሄ ሳይበቃው «ወላሂ፣ እንዲያው በጣም ጥሩ ልጅ ናት» ብሎ ጨመረበት። ጥሩ መሆኗን በምን አወቀ?

ሽማግሌዎቹ ተንሾካሾኩ። ያለ በደል ፍች የለም። ካልበደለችው፣ እሱም ጥሩ ናት ካለ፣ ሁለቱም ወጣቶች ከሆኑ፣ ደግሞም ከተመረቁ፣ ይሄ ትዳር ምን ጎደለው? አንደኛው ሽማግሌ እንዲያውም «ለምን አይኖሩም?» ብሎ እርፍ። አያ ሞላም እንደ ማሰብ አሉ። ያን ጊዜ ነው ነፍሴ የወጣችው። ጎንበስ ብዬ አራጋው ጆሮ ላይ «በሰርጓ ስቃለች በል» አልኩት።

«በሰርጓ ስቃለች» አለ አራጋው።

አያ ይመር በረጅሙ ተነፈሱ። «እውነት ነው። እኔም በዓይኔ አይቻለሁ።» ያላየ አልነበረም፤ ቆቦ በሙሉ አይቷል። ሙሽራ፣ ያውም በሰርጓ ቀን፣ ያውም ጥርሷ እስኪታይ! ፍቹ ጸና፣ ምርቃቱ ተነሳ፣ አልጋነሽም ሁለተኛ እንዳይለምድሽ ተብላ ተመከረች። ከነጠላዋ ሥር አንድ ጊዜ ቀና ብላ አየችኝ። ያ ቃል ከየት እንደመጣ አልጠፋትም ነበር።

በጥር አገባኋት። አለቀሰች። ወዳጆቼ፣ ለቅሶ እንደዚያ አይቼ አላውቅም። ከአባቷ ደጅ ጀምራ፣ ጎሊናን ስንሻገር፣ ቤቴ ስንደርስ፣ ወጡ ሲቀርብ ሁሉ ታለቅሳለች። ሚዜዎቼ «ይብቃሽ» ቢሏት፣ ሽማግሌዎቹ «ደግ ነው፣ በቃ» ቢሏት አልሰማችም። ሰዉ «እንዲህ ነው እንጂ ሙሽራ!» እያለ አደነቀ። እኔ ብቻ ጥግ ይዤ እቆጥራለሁ፤ ለአራጋው ሳቅ፣ ለኔ እንባ። ደግሞ የኔን ሰርግ ያነሳው ካሜራ የለም። የሱን ግን አገር ይዞታል።

ይህችን እሾህ ውጬ ስድስት ዓመት ኖርኩ። ትራክተር በደጄ ሲያልፍ መስኮት እዘጋለሁ። ከዚያ ለአንድ የአብዮት በዓል ያው ፊልም ተመልሶ መጣ። ለሁለት ቀን ይታያል ተባለ፤ በመጀመሪያው ቀን ቤተሰቡን ይዤ ገባሁ። ሴት ልጃችን ጭኔ ላይ ተቀምጣ አቡጀዴውን አየችና «እማዬ ይቻትና! አባዬስ የታለ?» ብላ ጮኸች። አዳራሹ ሳቀ። አራጋውም ከወዲያ በኩል ሳቀ፤ ጥርሱ አሁንም አልረገፈም።

ቤት እንደገባን ፈነዳሁ። «ለመሆኑ ያን ቀን ለምን እንደዚያ ሳቅሽለት?»

«ለማን?»

«ለአራጋው ነዋ!»

አልጋነሽ የምታጥፈውን ልብስ አስቀመጠች። «ማን ነው ለአራጋው የሳቀ? አንተ ጃንጥላ ይዘህ ከካሜራው ኋላ አልቆምክም ነበር? እሱ እጄን በያዘ ቁጥር ጃንጥላው ይንቀጠቀጣል፤ ዓይንህ ፈጦ፣ መነጽርህ አፍንጫህ ላይ ወርዶ። እንዴት አልስቅ!»

«ለኔስ ለምን አለቀስሽ?»

«ስቃለች ብሎ ያስፈረደብኝ ማን ሆነና! አልቅሺ ካላችሁኝ አለቀስኩልሃ።»

በማግሥቱ ብቻዬን ተመልሼ አዳራሽ ገባሁ። አራጋውን አላየሁትም፤ የሷን ዓይን ብቻ ነው የተከተልኩት። እውነቷን ነው። በትከሻው ላይ አልፋ፣ ከአቡጀዴው ጠርዝ ወዲያ፣ ምንም ወደሌለበት ባዶ ግድግዳ ነው የምታየው። እዚያ የቆምኩት እኔ ነኝ። የሳቀችው ለኔ ነው፣ በሳቀች ቁጥር ሁሉ።

ደስ አለኝ። ደስታው እስከ ቤቴ ደጅ ድረስ እንኳ አላደረሰኝም። ያ ጃንጥላ የያዘው ሰውዬ ምን አድርጎ ነው ያን ሁሉ ሳቅ ያገኘው? እኔን ስድስት ዓመት እንደዚያ አይታ ስቃልኝ አታውቅም! ያላሰብኩት ባላንጣ ከራሴው ወጣ።

ይሄንኑ ሄጄ ነገርኳት። አልጋነሽ ትክ ብላ አየችኝ። ከዚያ ሳቀች፤ ልክ እንደዚያን ቀን፣ ከሆዷ፣ ጥርሷ እስኪታይ፣ ግድግዳውን ተደግፋ። ካሜራ ግን አልነበረም፣ ያየም ሰው የለም። እንግዲህ ማመን የእናንተ ፈንታ ነው።