ሻለቃ ፈዲላና የማቆሚያው ጎረምሶች

ፖሊስ ጣቢያ ያለው ከተማ ሁሉ፣ ማንም ሳይሾማቸው ጣቢያውን የሚያዙ አንዲት ሴትዮ አያጣም። ደመወዝ የላቸውም፤ መለዮ የላቸውም፤ አዛዥ ሲቀያየር እሳቸው አይቀየሩም። በደርግ ጊዜ የሐይቅ ከተማዋ ሴትዮ ፈዲላ ይባሉ ነበር። በቀበሌው የሴቶች ማኅበር ተራ አባል ናቸው። ሰዉ ግን ከኋላቸው «ሻለቃ ፈዲላ»፣ ከፊታቸው «እትዬ ፈዲላ» ይላቸዋል።

ሃምሳ አለቃ ውበቱ ከጎጃም ተዛውሮ ጣቢያውን ሲረከብ ይህን የነገረው አልነበረም። ገና ወንበሩን ሳያሞቅ እትዬ ፈዲላ ገቡ። «አውቶቡስ ማቆሚያው ጋ ያሉትን ዱርዬዎች ዝም ልትላቸው ነው?» አሉት። በማግስቱም መጡ። ጎረምሶቹ ሴት ባለፈች ቁጥር ያፏጫሉ፤ የመንገደኛ ሻንጣ ለመሸከም ተሻምተው እጀታውን ይገነጥላሉ፤ ከዚያ መሐል አስፋልት ላይ ይቧቀሳሉ። ክሱ እውነት ነበር፤ ያስቸገረው ብዛቱ ነው። ውበቱ ሴትዮዋን በመስኮት ሲያይ በጓሮ በር መውጣት ጀመረ። ብዙም ሳይቆይ እትዬ ፈዲላ በጓሮ በር መምጣት ጀመሩ።

አሠራራቸው ለየት ያለ ነው። አብዮት ጥበቃ ጠመንጃ ይዞ ያልበተነውን ጠብ፣ እሳቸው መሐሉ ገብተው «የማን ልጅ ነህ አንተ?» ብለው ይበትኑታል። መልሱን ያውቁታል፤ ልጁ በራሱ አፍ የአባቱን ስም እንዲጠራ ነው የሚፈልጉት። የጎረምሶቹ ቁንጮ ኢስሃቅ አንድ ቀን የሹፌር ኮሌታ ጨምድዶ ሳለ ይህን ተጠየቀ። «የአያ ኑርዬ» ብሎ ሲመልስ እጁ ሳይታዘዝ ኮሌታውን ለቀቀ። ሹፌሩም ማንም ሳይጠይቀው የራሱን አባት ስም ተናገረ።

መስከረም ጠብቶ የግሸን ማርያም ተሳላሚ በከተማው ማለፍ ሊጀምር ሲል ከበላይ ትእዛዝ መጣ፦ ከበዓሉ በፊት ማቆሚያው ከቦዘኔ ይጽዳ፤ የተያዙት በመኪና ተጭነው ወደ ጦር ማሠልጠኛ ይላኩ። ውበቱ ደስ አለው። ማቆሚያው ይጸዳል፤ ሴትዮዋም ያርፋሉ። ከአብዮት ጥበቃዎች ጋር ወጥቶ ኢስሃቅንና ጓደኞቹን ሰብስቦ ጣቢያው ግቢ አስቀመጣቸው።

እትዬ ፈዲላ ሰምተው ሲመጡ ምስጋና ጠብቆ በፊት በር ተቀበላቸው።

«ምን አደረግህ?» አሉት።

«የከሰሷቸውን ያዝኩልዎት።»

«እኔ የከሰስኳቸው እንድትቆጣቸው ነው። አስጨርሳቸው መቼ አልኩህ?»

«እትዬ፣ ትእዛዝ ነው። መኪናው ነገ ጠዋት ይመጣል። ባዶውን ከተመለሰ የምጫነው እኔ ነኝ።»

እትዬ ፈዲላ ዞር ብለው ጎረምሶቹን አዩ። ኢስሃቅ አንገቱን ደፍቷል፤ ሲያፏጭ የዋለው ከንፈሩ ደርቋል። ሴትዮዋ ወንበር ስበው ተቀመጡ።

«ትእዛዙ ማንን ያዝ ይላል?»

«ቦዘኔን።»

«ቦዘኔ ማለት ማን ነው?»

«ሥራ የሌለው፣ ያልተደራጀ…»

«በየስብሰባው ተደራጁ፣ ተደራጁ ስትሉን አልነበር?» አሉ እትዬ ፈዲላ። «እንግዲያው እናደራጃቸው።»

የቀበሌው ሊቀ መንበር ጓድ አምሳሉ ከምሳው ተጠርቶ መጣ፤ ለጎረምሶቹ የማኅበር ወረቀት እንዲያትም ተጠየቀ። «ለእነዚህ ብዬ ማኅተሜን አላዋርድም» አለ። እትዬ ፈዲላ ግን የሴቶች ማኅበሩ በበዓሉ ሰሞን ከፖሊስና ከአብዮት ጥበቃ ጋር ማቆሚያውን እንደሚጠብቅ፣ ልጆቹ ቢያጠፉ እሳቸው ዋስ እንደሆኑ ተናገሩ። ውበቱም፣ ለምን እንደሆነ ለራሱም ሳይገባው፣ «እኔም ዋስ ነኝ» አለ። አምሳሉ ተንፍሶ ማኅተሙን አወጣ።

የሐይቅ ተሸካሚዎች ማኅበር በዚያው ከሰዓት ተመሠረተ። ደንቡ አጭር ነበር፦ በተራ መሸከም፤ አለመሻማት፤ አለማፏጨት። የእትዬ ፈዲላ አረንጓዴ ሻሽ ተቀዶ በየክንዳቸው ታሰረ።

ጠዋት ጎረምሶቹ በግቢው ተሰልፈው ሳለ መኪናው መጣ። «ቦዘኔዎቹስ?» አለ ከጋቢናው የወረደው መቶ አለቃ።

ውበቱ ሰላምታ ሰጠ። «በሐይቅ ቦዘኔ የለም። ያሉት የተደራጁ ሠራተኞች ናቸው።»

መቶ አለቃው ጎረምሶቹን ከእግር እስከ ራስ አያቸው። «እነዚህ ናቸው ሠራተኞች? ጫናቸው።»

እትዬ ፈዲላ ከሰልፉ ጎን ብቅ አሉ። «የማን ልጅ ነህ አንተ?»

መቶ አለቃው ሊቆጣ አፉን ከፈተ፤ የወጣው ግን ሌላ ነበር። «የቄስ ማዕረግ ልጅ» አለ። «የደሴ ልጅ ነኝ።»

«እናትህ ግሸን ይሳለማሉ?»

«በየዓመቱ።»

«ዘንድሮ እዚህ ሲወርዱ ጓዛቸውን ማን ይሸከምላቸው?»

መቶ አለቃው መለዮውን አውልቆ ግንባሩን ጠረገ። ኢስሃቅን አተኩሮ አየው። «የተደራጀ አልጭንም» አለና ወደ መኪናው ተመለሰ።

በበዓሉ የአንድም ሻንጣ እጀታ አልተገነጠለም። ኢስሃቅ ለተሳላሚ አሮጊቶች ጥላ ቦታ እየፈለገ ሲያስቀምጥ ታየ። እትዬ ፈዲላ ግን በሳምንቱ ጣቢያው ደርሰው፣ «ማኅበር ሆነው ጠግበዋል፤ ለሰላምታም ተራ ጠብቁ ሊሉን ነው» ብለው ከሰሱ።

ኅዳር ላይ እትዬ ፈዲላ ከጣቢያው ቀሩ። ውበቱ መጀመሪያ እፎይ አለ፤ ወዲያው ግን ጣቢያው ሰፋበት። ወባ እንደያዛቸው ሲሰማ፣ ለጠየቀው ሁሉ «ለሥራ ጉዳይ ነው» እያለ ወደ ቤታቸው ሄደ። የሥራው ጉዳይ በእጁ የያዘው ብርቱካን ነበር።

እትዬ ፈዲላ ከጋቢው ውስጥ አንድ ዓይናቸውን ገለጡ። «ጣቢያውን ለማን ጥለህ መጣህ?»

«ፖሊሶቹ ገበያ ወጥተዋል። ለኢስሃቅ ነው የተውኩት።»

ጋቢውን ገፈው ጫማቸውን በእግራቸው ይፈልጉ ጀመር።

«በል ክንድህን ስጠኝ» አሉት። «ያ ልጅ ከተማውን በሙሉ ሳያስር እንድረስ።»

ውበቱ ክንዱን ሰጣቸው። እያዘገሙ መንገዱን ሲይዙ የመዳፋቸው ትኩሳት በእጅጌው በኩል ይሰማው ነበር። ግን እስከ ጣቢያው ድረስ ሲገሥጹት ሄዱ፤ ልቡም አረፈ።